ወደ ውስጥ የሚባል እሺ

ሸዋረጋ ለንደን ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። እንግሊዝኛዋ ከካውንስል ጋር ይከራከራል፣ ከአውቶቡስ ሹፌር ጋር ይጣላል፣ ደስ ሲለውም ይቀልዳል። አንድ የአገር ቤት ነገር ብቻ እምቢ ብሎ አልለቀቃትም፤ ሰው ሲያናግራት "አዎ" የምትለው በቃል ሳይሆን ትንፋሿን ባጭሩ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ ነው። እኛ ስንሰማው እሺታ ነው። ፈረንጅ ሲሰማው ግን የደነገጠች ወይም ያመማት ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ሐኪሟ ስለ ደም ግፊቷ ሲያስረዳት፣ እየሰማሁ ነው ለማለት ደጋግማ ሳብ ብታደርግበት አስም ነው ብሎ ኢንሄለር አዘዘላት። እሷም ማስረዳቱ አሳፈራትና ተቀብላ ወጣች።

ልጇ ቃልኪዳን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። «እማ፣ ፕሊስ፣ እንደሱ አታድርጊ፣ ኢትስ ክሪፒ፣ ሰው ይፈራል» ትላታለች። ሸዋረጋ ትስቅና ሳታስበው መልሳ ሳብ ታደርጋለች።

ልማዱን ያስያዟት እናቷ ናቸው። ደብረ ሲና ልጅ ሆና፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም ብላ ከተገኘች «ሰውየው ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የሚያወራው?» ተብላ ትቆነጠጥ ነበር። ስለዚህ የሚወራው ገባትም አልገባትም፣ ተስማማችም አልተስማማችም፣ ትልቅ ሰው አፉን ከከፈተ ሸዋረጋ ትንፋሿን ትስባለች። የደንብ አስተዳደግ ነው፤ ማን ይነቅፈዋል? መዘዙ የመጣው ግን ከዚሁ ከመልካሙ ነገር ነው።

ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። ከካሌዶኒያን ሮድ ጀርባ ካለው የካውንስል ፍላቷ ወጥታ በኦቨርግራውንድ ባቡር ብሮንድስበሪ ትወርድና የኪልበርንን ዋና መንገድ በእግሯ ትይዛለች። ባለፈው ዓመት ኤጀንሲው ቬልባይ የሚባሉ፣ ዘጠና የተጠጉ የሕንድ አሮጊት ሰጣት። «ክላየንቷ እንግሊዝኛ ጠፍቶባታል፣ ችግር የለም አይደል?» አለቻት የቢሮዋ ልጅ በስልክ። ሸዋረጋ ሳብ አደረገች። ልጅቷ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ሄሎ፣ ሄሎ እያለች ጮኸች።

ቬልባይ የሚኖሩት ልጃቸው ካንጂ ቀለምና ሚስማር ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ባለው ፍላት ነው። ካንጂ ስድሳውን ያለፈ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቀኑን ሙሉ ከሱቁ የማይነቃነቅ ሰው ነው። ሸዋረጋ ስትመጣ ወደ ሱቁ ይወርዳል፣ ስትሄድ ይወጣል፤ እናትየው ለሱና ለሷ በፈረቃ የደረሱ ያህል ነበር።

«ካቺ ነው የምትናገረው» አላት በመጀመሪያው ቀን። «ሕንድ ውስጥ፣ ከባሕሩና ከበረሃው ዳር ያለ የአገራችን ቋንቋ ነው። ከሲንዲ ጋር ይዛመዳል። ስንጽፍ በጉጃራቲ ነው የምንጽፈው፤ ካቺ የጓዳ ነው። ልጆቼ አይችሉትም። እኔ ራሴ እናቴ አሁን የምትለውን ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው።»

«የእናትዎን ቋንቋ እንዴት ግማሹን?» አለች ሸዋረጋ።

«አነጋገሩ መንደር ከመንደር ይለያያላ። እኔ የአባቴን መንደር አፍ ይዤ ነው ያደግሁት። እሷም ስትዳር የራሷን አነጋገር ትታ የባሏን ያዘች፤ ሙሽራ አለዚያ አማቶቿ ይሳለቁባታል። ዕድሜዋን ሁሉ እንደ አባቴ ወገኖች ስታወራ ኖራ፣ አሁን ስታረጅ የልጅነቷ መጣባት።»

እውነትም ዕድሜ የቬልባይን አፍ እንደ ሽንኩርት ልጦት ነበር። መጀመሪያ እንግሊዝኛው ሄደ። ቀጥሎ ከለንደን በፊት ናይሮቢ ኖረው የለመዱት ስዋሂሊ፣ ከዚያ ጉጃራቲው፣ ከዚያ የባላቸው መንደር ካቺ። የቀረላቸው የአንዲት ትንሽ መንደር አነጋገር ነው፤ ለንደን ውስጥ በዚያ አፍ መልስ የሚሰጣቸው ሰው አልነበረም።

ሸዋረጋ ከቃሉ አንዱም አይገባትም፤ ድምፁን ግን ለመደችው። እኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ ስንል ድምፁን ወደ ውጭ እንተኩሰዋለን። ቬልባይ ግን በ እና ደ የሚመስሉትን ወደ ውስጥ ይውጧቸዋል፤ ጉሮሯቸው ዝቅ ይልና ውሃ ወደ ጠባብ ማሰሮ ሲገባ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። መጀመሪያ ሰሞን ያናነቃቸው እየመሰላት ተነሥታ ጀርባቸውን ትመታቸው ነበር። እሳቸውም በቁጣ እጇን ይገፈትሩታል። ቆይታ ስትለምደው ግን ጆሮዋ ወደደው፤ ባቡር ስትጠብቅ እንኳ ሳታስበው ከንፈሯን ገጥማ ትሞክረው ጀመር።

ቬልባይ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ ከኮሪደሩ ስትሸሽ፣ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ወደ መኝታ ቤቱ በር ይመለከቱና አንዲት አጭር ጥያቄ ይጠይቃሉ። ጥያቄ መሆኑ ከዜማው ያስታውቃል። ሸዋረጋ ልብስ እያጣጠፈች ሳብ ታደርጋለች። የቬልባይ ዓይን ይበራል። ጥቂት ይቆዩና ዝግ ባለ ድምፅ ሌላ ይጠይቃሉ። ሸዋረጋ አሁንም ሳብ። ያን ጊዜ ፊታቸው ይጠፋል፤ ወደ ግድግዳው ዞረው ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሳሉ። እሷም ግንባራቸውን እየዳበሰች፣ በአማርኛ፣ «አይዞዎት እማማ፣ እርጅና ነው» ትላቸዋለች። በየቀኑ እንዲህ ነው፤ ወራት አለፉ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልሽ አላት። ቬልባይ ሲጠይቁ አንድም ቀን እሷን አይተው አያውቁም። የሚያዩት በሩን ነው፤ ያውም ዝቅ ብለው፣ የበሩ ደፍ ላይ ልጅ ቢቀመጥ ራሱ የሚደርስበትን ያህል። አንድ ቀን የልብስ ቅርጫቱን ሳታስብ እዚያው ደፉ ላይ ብታሳርፈው ቬልባይ ሰው እንደረገጠችባቸው ጮሁባት። ቅርጫቱን ስታነሣ ዝም አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከቦታው አልተነሣም። እሷም ከዚያ ወዲህ በበሩ ስታልፍ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ጥግ ይዛ ማለፍ ጀመረች።

በመስከረም አንድ ቀን መንገዱ ላይ የውሃ ቧንቧ ፈነዳና የካንጂ ሱቅ ተዘጋ። እሱም ወጥ ቤት ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ስልኩን ይነካካል። ከምሳ በኋላ እናቱ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ፤ ሸዋረጋ ሳብ አደረገች። ሁለተኛውን ጠየቁ፤ ሳብ አደረገች። ዞር ስትል ካንጂ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አልሻት?» አላት።

«ምንም። ኧረ ምንም አላልኩም።»

«ትንፋሽሽን… እንዲህ አደረግሽ።» ሊያሳያት ሞከረና አልሆነለትም። «ሁልጊዜ ነው?»

«ያገራችን አዎ ነው፣ ሚስተር ካንጂ። ትልቅ ሰው ሲያናግረን ዝም አንልም።»

ካንጂ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ከዚያ ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ነገራት። እናቱ ራታን የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻቸው። ትሰማለች፤ መናገር ግን አልተሰጣትም። ቬልባይ ቋንቋቸውን ሊያስተምሯት ለፉ፤ ከንፈሯን በጣታቸው እየያዙ፣ አንገቷን እየዳበሱ። ከመንደሩ ድምፅ ሁሉ የቻለችው ያንኑ ወደ ውስጥ መሳቡን ብቻ ነው። ስትስብ አዎ ነው። ዝም ስትል አይደለም ነው። ሌላ ቃል አልነበራትም።

«እናቴ ስትዳር ራታን ቀሚሷን ይዛ አልለቅም አለች» አለ ካንጂ። «"ደፉ ላይ ጠብቂኝ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ" አለቻት። ያለዚያ አትለቃትማ። አልተመለሰችም፤ አባቴ ናይሮቢ ወሰዳት። ልጅቷ ከደፉ አልነሣም ብላ እዚያው ትበላ፣ እዚያው ትተኛ ነበር አሉ። በዝናቡ ወራት ትኩሳት ጨረሳት።»

«ታዲያ እኔን ምንድነው የሚጠይቁኝ?»

«አንቺን አይደለም። መጀመሪያ "ራታን፣ አለሽ?" ነው የምትለው።»

«ሁለተኛውስ?»

ካንጂ መሬት መሬቱን አየ። «"አሁንም ተቀይመሽኛል?" ነው የምትላት።»

ሸዋረጋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ስንት ወር ሙሉ፣ ግንባራቸውን እየዳበሰች፣ በአንዲት የሞተች ልጅ ስም "አዎ፣ ተቀይሜሻለሁ" ስትላቸው ኖራለች! ሴትየዋ የሚያለቅሱት በእርጅና ሳይሆን በሷ ነው። እንዲህ ያፈረችበት ቀን ትዝ አይላትም። ፍርሃቱ የመጣባት ቆይቶ፣ ባቡር ውስጥ ነው።

በማግሥቱ ተዘጋጅታ ሄደች። የመጀመሪያውን ሲጠይቁ ሳብ አደረገች። ሁለተኛው ላይ ጥርሷን ነክሳ፣ ከንፈሯን ገጥማ ቆመች። ድምፁ ግን ተሰማ። አጭር፣ ቀጭን፣ ወደ ውስጥ። ቬልባይ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሸዋረጋ አፏን ዳበሰችው። ልማድ አመለጠኝ ብላ ራሷን አሳመነች። ሙሉ በሙሉ ግን አላሳመነችም።

የዚያኑ ቀን ከሥራ ቤቷ ገብታ ለውብነሽ ደወለችላት። ውብነሽ ኬኒንግተን የምትኖር የቆየች ጓደኛዋ ናት፤ ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ሸዋረጋን ስለ ጠበልና ስለ ጾም መተረብ ሥራዋ ነው። ነገሩን ስትሰማ ግን ተረቡ ጠፋባት።

«አንቺ፣ ሳታውቂ አቤት አትበይ ብለው አላሳደጉሽም? ማን እንደጠራን ሳናይ ወይ እንዳንል ተብለን አይደል ያደግነው? አንቺ ጭራሽ በሞተች ልጅ ስም አቤት ብለሽ ቁጭ!»

«አላወቅሁም እኮ፣ ውቤ።»

«ማወቅሽን ማን ጠየቀሽ? ነገውኑ ኤጀንሲውን ኮል አድርጊና ሺፍቱን ካንስል አስደርጊ። ደግሞ ማነው አብሮሽ ያለው?»

«ማንም። ወጥ ቤት ዕቃ እያጠብኩ ነው።»

«ኧረ እየሰማሁ። ሌላ ሴት ሥርሽ ሆና ታወራለች። ቃሉን እየዋጠችው።»

ሸዋረጋ ውሃውን ዘጋች። ወጥ ቤቱ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ የሷ የራሷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ ዕቃ እያጠበች፣ የማታውቀውን ቃል፣ ያንን የመንደር አፍ ስታጉተመትም ነበር። የቬልባይን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ስልኩን ዘጋችና መብራት ሁሉ አብርታ ተቀመጠች፤ ገና አልመሸም ነበር።

ኤጀንሲውን አሞኛል ብላ ቀረች። ሁለት ሳምንት ያህል ቤቷ ከርማ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች፣ ጠበል እየጠጣች፣ ልጇ ስትደውል "የስ፣ የስ" እያለች ጮክ ብላ መመለስ ተለማመደች። ቃልኪዳን ደስ አላት። ሸዋረጋ ግን ምግብ አልበላ አላት። "የራታንን ይቅርታ እኔ ማን ነኝና እሰጣለሁ?" ትላለች። መልሳ ደግሞ "ቅያሜዋንስ ማን ነኝና ሰጠሁ?" ትላለች።

ካንጂ ደወለ። ድምፁ የሰለለ ነበር።

«ሸዋ፣ እናቴ አትበላም። በአንቺ ፈንታ የመጣችው ሴት ደግ ናት፤ ግን በቃል ነው የምትመልሰው። እናቴ ቀኑን ሙሉ "ራታን፣ አለሽ?" ስትል ዋለች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ። ሐኪሙ መሞቻዋ ቀርቧል ብሎኛል።»

«እኔ ምን ላድርግልዎ፣ ሚስተር ካንጂ? ፈርቻለሁ፤ አልዋሽዎትም።»

«አንድ ቀን ብቻ ነይልኝ። "አለሽ?" ስትልሽ መልሺላት። ሁለተኛውን ስትጠይቅ ዝም በያት። ከአንቺ የምፈልገው ዝምታሽን ነው። ያቺ ልጅ እንደተቀየመቻት እያሰበች እንዳትሞትብኝ።»

ሸዋረጋ ስልኩን ዘጋች። ከሞተች ልጅ ጋር መነካካቱ ያስፈራታል። ግን ያንን መርዶ በየቀኑ ለአሮጊቷ ያረዳችው ሌላ ሰው አይደለም። የራሷን እዳሪ ሌላ ይጥረግላት ማለት ነውር መሰላት። ለውብነሽ ሳትነግራት ኮቷን ለበሰች።

ቬልባይ አልጋው ውስጥ ጠፍተዋል፤ ከብርድ ልብሱ በላይ የሚታየው ፊታቸውና እጃቸው ብቻ ነው። ካንጂ በአንድ በኩል በርከክ ብሎ እጃቸውን ይዞ ግንባሩን አስደገፈበት። ሸዋረጋ በሌላው በኩል ቆመች። በሩ ክፍት ነው። ፀሐይዋ ኮሪደሩን ለቀቀች።

ቬልባይ ዓይናቸውን ገለጡና ወደ ደፉ አዩ። ድምፃቸው ፉጨት ሊመስል ትንሽ ቀርቶታል፤ ያም ሆኖ ቃላቱን ዋጥ ዋጥ አድርገው ጠየቁ።

ሸዋረጋ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። አለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። ሸዋረጋ ይህን ጊዜ በጥርስም በከንፈርም አላመነችም፤ የአንገት ልብሷን አውልቃ ጫፉን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ወተፈች፣ አፍንጫዋንም በሁለት ጣቷ ያዘች። ከታች አውቶቡስ አለፈ። አንድ ሰው ሱቁን ሊከፍት ሞክሮ ተዘግቶ ሲያገኘው ተራግሞ ሄደ። ቬልባይ ይጠብቃሉ። ደረቷ ሊፈነዳ ደረሰ፤ "በእመቤቴ፣ በእመቤቴ" ትላለች በሆዷ። ምንም ድምፅ አልተሰማም።

ዝም ካለች አይደለም ነው። ቬልባይ ገባቸው። ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ፣ ግንባራቸው ላይ የነበረው ጭምድድ ሁሉ ለቀቀ፣ ከዚያ ሳቁ። ካንጂ ቀና ሳይል ማልቀስ ጀመረ። ሸዋረጋም አፍንጫዋን ለቀቀችና እንባዋ ወረደ። ደስ አላት፤ እንዲህ ደስ ያላት ቀን ጥቂት ነው። ጨርቁን ከአፏ ልታወጣ እጇን ስታነሣ ቬልባይ እንደገና ተናገሩ።

አዲስ ጥያቄ ነው። በዚያ ሁሉ ወር አንድ ቀን ጠይቀውት አያውቁም።

«"እንግዲያ ልምጣ?" ነው የምትለው» አለ ካንጂ፣ ፊቱን ከእጃቸው ላይ ሳያነሣ።

ሸዋረጋ ራሷን ነቀነቀች። ይሄንንስ አላደርገውም፣ ሰውን ወደ ሞት አልጠራም። ጨርቁን መልሳ ወተፈችው። አፍንጫዋንም ያዘች። እንደ ድንጋይ ቆመች።

ከደፉ በኩል፣ ዝቅ ካለ ቦታ፣ አንድ ትንፋሽ ባጭሩ ወደ ውስጥ ተሳበ።

ቬልባይ እጃቸውን ከካንጂ እጅ አስለቀቁና ወደ በሩ ዘረጉት፤ ሰው ትንሽ ልጅ ሊያነሣ እንደሚዘረጋው። ከዚያ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ወረደ። የወጣው ትንፋሻቸው አልተመለሰም።

ሸዋረጋ ዓይኗን ከደፉ መንቀል አልቻለችም። ምንም የለም፤ ያረጀ ምንጣፍና የበሩ ጥላ ብቻ ነው። የረጠበውን ጨርቅ ከአፏ አውጥታ በመዳፏ ጨበጠችው። ያን ጊዜ ካንጂ ቀና አለ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ገና አሁን እናቱን የተነጠቀ ልጅ መስሎ ነበር።

«ተባረኪ፣ ሸዋ» አላት። «እኔ ድፍረቱ አልነበረኝም። ሂጂ ልላት አልቻልኩም ነበር። አንቺ አዎ አልሻት።»

ሸዋረጋ አፏን ከፈተች። እኔ አይደለሁም ልትል ነበር።

ካንጂ አያት። ቀስ በቀስ ፊቱ ላይ ፍርሃት ሲመጣ ተመለከተችው፤ ዓይኑ ወደ በሩ ሊሄድ ጀምሮ መለሰው። «አንቺ ነሽ… አይደል?» አለ።

ሸዋረጋ በእሱና በበሩ መካከል ገብታ ቆመች። ጨርቁን ከጀርባዋ ደበቀችው። ከዚያ ትንፋሿን ሳብ አደረገችለት።